ጥቀርሻና ጨው፤ የጠመንጃ አፈሙዝ አጠራረግ ታሪክ

ታሪክ በምንማርበት ጊዜ ከሁሉ አስቀድሞ ወደ ጆሮአችን የሚገባው የነገሥታትና የጦር አለቆች ስም ነው። ከዚያ ቀጥሎ የጦርነቱ ዓመት፥ የሞተው ሰው ብዛት፥ የተፈረመው ውል ይመጣል። ጦርነቱ ካለፈ በኋላ ማታ በእሳት ዳር ተቀምጦ፥ በዘንግ ጫፍ ላይ ጨርቅ ጠምጥሞ የጠመንጃውን ሆድ ስለሚወለውለው ወታደር ግን የታሪክ መጻሕፍት እምብዛም አይናገሩም። እኔ በዚህ ጽሑፍ ለማሳየት የምፈልገው ይህ ትንሽ የሚመስለው ሥራ፥ ማለት የጠመንጃን አፈሙዝ ማጽዳት፥ ትልልቅ ነገሮችን እንዳስነሣና ብዙ ሊቃውንትን ለብዙ ዘመን እንዳሳሳተ ነው። በተለይም ሰዎች «ይህ አዲስ ጠመንጃ ማጽዳት አያስቸግርም» ባሉ ቁጥር ምን እንደ ደረሰባቸው መመልከት ይገባናል።

ለአንባቢው ግልጽ እንዲሆን ሁለት ነገር አስቀድሜ ልናገር። አፈሙዝ ስል የጠመንጃውን አፍ ብቻ ሳይሆን፥ ጥይቱ ከሚቀመጥበት ጎሬ ጀምሮ እስከ አፉ ድረስ ያለውን የብረት ቧንቧ በሙሉ ማለቴ ነው። ዓመቶቹም የኢትዮጵያ ነው ብዬ ካላመለከትሁ በቀር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

እስከ 19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ግድም ድረስ በየጦር ሜዳው ይተኰስ የነበረው ጥቁሩ ባሩድ ነበር። ይህ ባሩድ የሚሠራው ከሦስት ነገሮች ነው፤ ከመቶው 75 ያህሉ ፖታሲየም ናይትሬት የሚባለው ጨው፥ 15 ያህሉ የእንጨት ከሰል፥ 10 ያህሉ ድኝ ነው። ሲቃጠል ግን ሁሉም ወደ አየርነት አይለወጥም። ከክብደቱ ግማሽ የሚበልጠው ጠጣር ነገር ሆኖ ይቀራል፤ ከዚህም አንዱ ክፍል ጭስ ሆኖ ወጥቶ የተኳሹን ዐይን ይጋርዳል፥ ሌላው በአፈሙዙ ውስጥ ተለጥፎ ጥቀርሻ ይሆናል። ጥቀርሻው በእርጥብ አየር ጊዜ እንደ ጭቃ ይለሰልሳል፤ በደረቅና በሞቃት አየር ጊዜ ደግሞ እንደ ሸክላ ይጠነክራል። ሳይታጠብ ካደረ በውስጡ ያሉት ጨዎች ከአየሩ እርጥበት እየሳቡ ብረቱን መብላት ይጀምራሉ።

መድኀኒቱ ርካሽ ነበር። የጥቀርሻው ጨዎች በውሃ የሚሟሙ ስለ ሆኑ አፈሙዙን በውሃ፥ ይልቁንም በፈላ ውሃ ማጠብ ነበር። የፈላ ውሃ ሁለት ጥቅም አለው፤ ጨዉን አሟሙቶ ያወጣል፥ ብረቱንም ስለሚያሞቀው እርጥበቱ ቶሎ ይደርቃል። ከዚያ በኋላ በደረቅ ጨርቅ መወልወልና ቀጭን ዘይት መቀባት ነው። ኬሚስትሪ የሚባል ትምህርት ስሙን ያልሰማ ወታደር ይህን ሁሉ ከአለቃው ቍጣና ከልምድ ያውቀው ነበር። ይህን የውሃ ነገር አንባቢው በልቡ ይያዝልኝ፤ በኋላ እንመለስበታለን።

በጥንቱ ጠመንጃ የአፈሙዙ ውስጥ ለስላሳ ስለ ነበረ ጥቀርሻው ብዙ አያስቸግርም ነበር። ክቡ እርሳስ ከአፈሙዙ ስፋት ጥቂት ስለሚያንስ ቢቆሽሽም ይገባል፤ ነገር ግን ዒላማ አይመታም። በአፈሙዙ ውስጥ ጠመዝማዛ ቦይ ሲቈፈርበት እርሳሱ እየተሽከረከረ ስለሚወጣ እሩቅና ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ችግሩ እርሳሱ ቦዩን እንዲይዝ አፈሙዙን የሚሞላ መሆን ነበረበት፤ አፈሙዙን የሚሞላ እርሳስ ደግሞ በጥቀርሻ በጠበበ ቧንቧ ከአፉ ወደ ታች አልወርድ ይላል። እንግሊዞች በ1800 ግድም ቤከር የሚባለውን ባለ ቦይ ጠመንጃ ለአንዳንድ ወታደሮቻቸው በሰጡ ጊዜ፥ እርሳሱን እየመቱ የሚያስገቡበት የእንጨት መዶሻ ጨምረው ሰጥተዋቸው ነበር። በጦር ሜዳ ቆሞ መዶሻ የሚመታ ወታደር ምን ያህል እንደሚዘገይ መገመት አያስቸግርም።

ይህን ቋጠሮ የፈታው በ1849 የፈረንሳዩ መኰንን ክሎድ ኤቲየን ሚንዬ ነው። ሚንዬ የሠራው ጥይት ሾጣጣ ሆኖ ታቹ ጎድጓዳ ነበረ። ከአፈሙዙ ስፋት ስለሚያንስ በቀላሉ ይገባል፤ ባሩዱ ሲቃጠል ግን የጎድጓዳው ዳር ተነፍቶ ቦዩን ይይዛል። እንግሊዞች ይህን ሐሳብ ወስደው በ1853 ኤንፊልድ የሚባለውን ጠመንጃ ሠሩ። የአፈሙዙ ስፋት 0.577 ኢንች ነበር። ባሩዱና ጥይቱ በአንድ ወረቀት ተጠቅልለው ይሰጡ ነበር፤ ጥይቱ ያለበትም የወረቀቱ ጫፍ በቅባት ይነከር ነበር። ቅባቱ የተጨመረበት ምክንያት ሌላ ሳይሆን የአፈሙዙ ንጽሕና ነው። ጥይቱ ሲገባም ሲወጣም ቅባቱ ጥቀርሻውን እያለሰለሰ ስለሚሄድ ወታደሩ መካከል ላይ ሳያጸዳ ብዙ ጊዜ ሊተኵስ ይችላል።

እንግዲህ ከዚህ ቅባት የመጣውን ጣጣ እንመልከት። በዚያን ጊዜ የእንግሊዝ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ አብዛኛውን ሕንድ ይገዛ ነበር፤ ሠራዊቱም የሚበዛው የአገሩ ተወላጅ፥ ሂንዱና እስላም ነበረ። ወታደሩ ሲያጐርስ የወረቀቱን ጫፍ በጥርሱ እንዲቀድ ታዝዞአል። በ1857 መጀመሪያ ላይ ቅባቱ የላም ሞራና የአሳማ ስብ ነው የሚል ወሬ በየሰፈሩ ተነዛ። ላም ለሂንዱ የተቀደሰች ናት፤ አሳማም ለእስላም እርም ነው። ስለዚህ አንዲት ቁራጭ ወረቀት ሁለቱንም በአንድነት አስቈጣች። ሹማምንቱ ነገሩን ለማብረድ ወታደሮቹ የወደዱትን ቅባት ከገበያ ገዝተው ራሳቸው እንዲቀቡት፥ ወረቀቱንም በጥርስ ሳይሆን በእጃቸው እንዲቀዱት ፈቀዱ። ይህ ግን ጥርጣሬውን አባሰው፤ «እርም ባይኖርበት ለምን ለወጡት?» ተባለ። ሚያዝያ 24 ቀን 1857 በሚሩት ከተማ 85 ፈረሰኞች ጥይቱን አንነካም አሉ። ተፈርዶባቸው ግንቦት 9 ቀን በጓደኞቻቸው ፊት በእግር ብረት ታሰሩ። በማግሥቱ ሠራዊቱ ተነሣ። ጦርነቱ ከአንድ ዓመት በላይ ቆየ፤ በ1858 ኩባንያው ሥልጣኑን አጥቶ ሕንድ በቀጥታ በእንግሊዝ ዘውድ ሥር ገባች።

የአመፁ ምክንያት ቅባቱ ብቻ ነው የሚል ሰው ቢኖር በጣም ተሳስቶአል። አገራቸው ተወስዶባቸው፥ ርስታቸው ተነቅሎባቸው፥ ባህላቸው ተንቆባቸው የከረሙ ሰዎች ነበሩ። ነገር ግን የተከማቸው እንጨት በየትኛው ክብሪት እንደ ተያያዘ መናገር ሐሰት አይደለም፤ ክብሪቱም ጥቀርሻ እንዳይደርቅ ተብሎ የተቀባ ስብ ነበር።

ይኸው የኤንፊልድ አፈሙዝ ከጥቂት ዓመት በኋላ ወደ እኛ አገር መጣ። በ1866 እንግሊዞች ከአፉ የሚጐርሰውን ኤንፊልድ ከኋላው ቈርጠው፥ ያዕቆብ ስናይደር የሚባል አሜሪካዊ የፈጠረውን የሚከፈትና የሚዘጋ መቈለፊያ አደረጉበት። አፈሙዙ ያው አፈሙዝ፥ የእንጨቱም ሰደፍ ያው ሰደፍ ነው፤ ጥይቱ ግን ከኋላ መግባት ጀመረ። ሚያዝያ 10 ቀን 1868 እሮጌ ሜዳ ላይ የዐፄ ቴዎድሮስ ሠራዊት ከመቅደላ ወርዶ የጄኔራል ናፒየርን ጦር በገጠመ ጊዜ የእንግሊዝ እግረኞች የያዙት ይህን ጠመንጃ ነበር። ከሕንድ የመጡት ወታደሮች ግን የያዙት አሮጌውን ከአፉ የሚጐርስ ጠመንጃ ነው፤ ከ1857 ወዲህ እንግሊዞች ለሕንድ ተወላጆች አዲስ መሣሪያ መስጠት ይፈሩ ነበርና። ስለዚህ የዚያ ቅባት ጣጣ እስከ መቅደላ ግርጌ ድረስ ተከትሎአቸው መጥቶ ነበር ማለት ይቻላል።

የእኛ ሰዎች በዚያ ቀን ከአፉ በሚጐርስ ጠመንጃ ነበር የተዋጉት። የጥሩ ተኳሽ ጠመንጃ ከአፉ የሚጐርስ ከሆነ በደቂቃ ሦስት ጊዜ ያህል ይተኵሳል፤ ጥቀርሻው በበዛ መጠንም እየዘገየ ይሄዳል። ስናድር ግን በደቂቃ 10 ጊዜ ያህል ሊተኵስ ይችላል፤ ጥይቱም በቆሸሸ አፈሙዝ ውስጥ ወደ ታች መገፋት ስለማያስፈልገው ጥቀርሻው አጐራረሱን አያዘገየውም። የዚያን ቀን ውጤት ብዙዎች የጀግንነት ጉዳይ አድርገው ያወራሉ። ጀግንነቱስ በእኛም ወገን አላነሰም ነበር። ስሙ ግን በቋንቋችን ቀረ፤ ስናይደር የሚለው ስም «ስናድር» ሆኖ እስከ ዛሬ ይነገራል።

ከኋላ የሚጐርስ ጠመንጃ ለማጽዳትም ትልቅ ለውጥ ነው። ከአፉ የሚጐርሰው ጠመንጃ ታቹ የተደፈነ ስለ ሆነ ባለቤቱ በውስጡ ያለውን ነገር በዐይኑ ማየት አይችልም፤ የሚያውቀው ጨርቁ ጥቁር ሆኖ ወይም ነጭ ሆኖ ሲወጣ ብቻ ነው። ከኋላ የሚከፈተውን ግን ወደ ብርሃን አቅንቶ ቢመለከትበት ቦዮቹ እንደ መስተዋት ሲያበሩ ወይም ጠቁረው ሲታዩ ያስተውላል። ውሃውም በአንድ በኩል ገብቶ በሌላው ይወጣል።

ከስናድር በኋላ ወደ ኢትዮጵያ በብዛት ከገቡት ጠመንጃዎች ዋናዎቹ ሬሚንግተንና ውጅግራ ናቸው። ሬሚንግተኑ በ1875 በጉንደት፥ በ1876 በጉራዕ ከግብፅ ሠራዊት በብዛት ተማረከ። ውጅግራ የምንለው ደግሞ ባዚል ግራ የሚባል ፈረንሳዊ መኰንን በ1874 ያወጣው ባለ 11 ሚሊ ሜትር ጠመንጃ ነው፤ ስሙም «ፉዚ ግራ» ከሚለው ፈረንሳይኛ የመጣ ነው። ሁለቱም በጥቁር ባሩድ የሚሠሩ ናቸው። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር ዓድዋ ላይ ከተሰለፉት የኢትዮጵያ ጠመንጃዎች ብዙዎቹ የዚህ ዐይነት ነበሩ። የካቲት ደረቅ ወር ነው። ከላይ እንደ ተናገርሁት ደረቅ አየር ጥቀርሻውን ያጠነክራል፤ ከጧት ጀምሮ ሲተኵስ የዋለ ባለ ውጅግራ ወደ ቀትር ሲቃረብ ጥይቱ እንደ ጧቱ ቀጥ ብሎ አልሄድ ሳይለው የቀረ አይመስለኝም። የዓድዋ ድል ሲተረክ የምንሰማው ስለ ጋሻና ስለ ጎራዴ ነው፤ የተኳሹ ጠመንጃ ከጦርነቱ በፊትና በኋላ በምን እንደ ታጠበ የሚጽፍ ሰው ግን አላየሁም። ውሃ በሩቅ በሚቀዳበት አገር አፈሙዝን አጥቦ ማሳደር ራሱን የቻለ ድካም ነበር።

አሁን ወደ ትልቁ ለውጥ እንምጣ። በ1884 ፖል ቪዬይ የሚባል የፈረንሳይ ኬሚስት ጭስ የሌለው ባሩድ ሠራ። በ1886 ፈረንሳዮች በዚህ ባሩድ የሚሠራውን ባለ 8 ሚሊ ሜትር ሌቤል ጠመንጃ አወጡ፤ ይህም በአገራችን «ለበን» የተባለው ነው። አዲሱ ባሩድ ሲቃጠል ሁሉም ለማለት ጥቂት ሲቀረው ወደ አየርነት ይለወጣል። ጭስ የለም፤ በአፈሙዙም ውስጥ ያ ወፍራም ጥቀርሻ የለም። ወታደሩ አንድ መቶ ጊዜ ተኵሶ ቢመለከትበት ቦዩ ያበራል። ከእንግዲህ ወዲህ የፈላ ውሃ ጣጣ ቀረ ተባለ።

ነገሩ ግን እንደ ታሰበው አልሆነም። በመጀመሪያ እንግሊዞችን እንመልከት። በ1888 ያወጡት ሊ ሜትፎርድ የሚባለው ጠመንጃ ገና ለጥቁር ባሩድ የታሰበ ስለ ነበረ፥ ዊልያም ሜትፎርድ የሚባል መሐንዲስ ለአፈሙዙ 7 ጥልቀት የሌላቸው፥ ማዕዘናቸው የተድበሰበሰ ቦዮች አውጥቶለት ነበር። የዚህ ጥበብ ምክንያት ጥቀርሻ በማዕዘን ውስጥ ስለሚሸሸግ ነው፤ ማዕዘን ከሌለ መሸሸጊያ የለም፥ ጨርቁም ሁሉን ይደርሳል። እጅግ ብልህ አሠራር ነበር። ከዚያ ኮርዳይት የሚባለው የእንግሊዞች ጭስ አልባ ባሩድ መጣ። ኮርዳይት የሚሰጠው እሳት እጅግ የበረታ ስለ ሆነ እነዚያን ጥልቀት የሌላቸው ቦዮች አልሶ ያጠፋቸው ጀመር። ስለዚህ በ1895 በ5 ጠለቅ ያሉና ባለ ማዕዘን ቦዮች ለወጡት፤ ጠመንጃውም ሊ ኤንፊልድ ተባለ። ለማጽዳት እንዲመች የተሠራው ነገር ጥቀርሻው ሲቀር ራሱ ቀረ። እዚህ ላይ ሳልናገር የማላልፈው ነገር አለ፤ ኮርዳይትን በ1889 የሠሩት ሊቃውንት ከመቶ 5 እጅ ያህል ቫዝሊን ጨምረውበት ነበር። ያሰቡት ቫዝሊኑ አፈሙዙን በውስጥ እንዲቀባ ነው። በኋላ ግን ቫዝሊኑ የረዳው አፈሙዙን ሳይሆን ባሩዱን ሆኖ ተገኘ፤ ባሩዱ በቶሎ እንዳይበላሽ ያደርግ ነበርና።

የባሰው ችግር ዝገቱ ነው። በጭስ አልባ ባሩድ የሚተኵስ ወታደር ማታ አፈሙዙን በጨርቅ ወልውሎ፥ ዘይት ቀብቶ፥ እንደ መስተዋት አብርቶ ያስቀምጠዋል። በማግሥቱ ወይም በሦስተኛው ቀን ሲመለከተው ቀይ ዝገት አውጥቶ ያገኘዋል። አለቃው «አላጸዳኸውም» ብሎ ይቀጣዋል፤ እርሱም አጽድቻለሁ ብሎ ይምላል። ሁለቱም ልክ ነበሩ ማለት ይቻላል። ሊቃውንቱም ባሩዱ በብረቱ ቀዳዳዎች ውስጥ የሚሸሸግ አሲድ ይተዋል፥ ብረቱም ከቀን በኋላ «ያልበዋል» እያሉ አስተማሩ። ስለዚህ በየአገሩ አሲዱን ይገድላል የተባለ ልዩ ልዩ ዘይትና ውህድ ወጣ። በ1903 በአሜሪካ ፍራንክ ኦገስት ሆፕ ያወጣው ቍጥር 9 የተባለው ማጽጃ ከእነዚህ ዘመን ካፈራቸው አንዱ ሲሆን እስከ ዛሬም ይሸጣል። ጥይቱ ላይ በተሸፈነው የመዳብና የኒኬል ቅይጥ ምክንያት በአፈሙዙ ውስጥ ብረት እየተለጠፈ ይቀር ስለ ነበረም፥ እርሱን ለማሟሟት አሞኒያ ይጨምሩ ነበር።

የሚገርመው በጥቁር ባሩድ ዘመን ያደጉት ሽማግሌ ወታደሮች ነገር ነው። እነርሱ አዲሱን ትምህርት ሳይሰሙ እንደ ጥንቱ የፈላ ውሃ ማፍሰሳቸውን አልተዉም ነበር፤ አፈሙዛቸውም አይዝግም ነበር። የእንግሊዝ ሠራዊትም የፈላ ውሃን ልማድ ጨርሶ አልተወም። በሊ ኤንፊልድ ሰደፍ ውስጥ የዘይት ዕቃና ጫፉ ላይ ክብደት ያለው ገመድ ይቀመጥ ነበር፤ በገመዱ ላይ 4 ኢንች በ2 ኢንች የሆነ የጥጥ ጨርቅ እየተጠመጠመ በአፈሙዙ ውስጥ ይሳባል። ነገር ግን ከዚህ አስቀድሞ ውሃ ይፈስበት ነበር። ለምን እንደሚጠቅም የሚያስረዳ አልነበረም፤ የሚጠቅም መሆኑን ግን ሁሉ ያውቅ ነበር።

ምሥጢሩን የገለጠው ዊልበርት ሃፍ የሚባል በአሜሪካ የማዕድን ጉዳይ መሥሪያ ቤት የሚሠራ ኬሚስት ነው። ሃፍ በ1922 ባወጣው ጽሑፍ ጥፋቱ የባሩዱ እንዳልሆነ አስረዳ። ጥፋቱ ከጥይቱ ቂጥ ላይ ያለችው ትንሿ እሳት ጫሪ ናት። በእርስዋ ውስጥ ፖታሲየም ክሎሬት የሚባል ነገር ነበረ፤ ይህም ሲፈነዳ ኦክሲጅኑን ሰጥቶ ፖታሲየም ክሎራይድ ሆኖ ይቀራል። ፖታሲየም ክሎራይድ ማለት በወጥ ውስጥ የምንጨምረው ጨው የቅርብ ዘመድ ነው። ጨዉ ስስ ሆኖ በአፈሙዙ ላይ ይለጠፋል፥ በዐይን አይታይም፥ ከአየሩም እርጥበት ይስባል። ከሁሉ የሚብሰው ደግሞ በዘይት አለመሟሟቱ ነው። ወታደሩ ዘይት ሲቀባበት ጨዉን በዘይት ሸፍኖ አሳደረው እንጂ አላወጣውም፤ ከዘይቱ ሥር ሆኖ ዝገቱ ሥራውን ይሠራል። በኬሚስትሪ ክፍል ጨው በውሃ እንጂ በዘይት እንደማይሟሟ የተማረ ተማሪ ሁሉ ይህን በቀላሉ ያስተውላል፤ ነገር ግን ከ1886 እስከ 1922 ድረስ ስንት አፈሙዝ ተበልቶ አለቀ!

እንግዲያስ በጥቁር ባሩድ ዘመን ይህ ጨው አልነበረምን? ነበረ። ነገር ግን በብዙ ጥቀርሻ ውስጥ ተበትኖ ስለሚቀርና ጥቀርሻውም በውሃ ስለሚታጠብ አብሮ ይሄድ ነበር። ጥቀርሻው አስቀያሚ ስለ ነበረ ሰውን ወደ ውሃ ይልከው ነበር። ጥቀርሻው ሲጠፋ ውሃውም ቀረ፤ ጨዉ ብቻውን በንጹሕ ብረት ላይ ቀረ። በእኔ አስተያየት የዚህ ታሪክ እምብርት ይህ ነው።

ምክንያቱ ከታወቀ በኋላ መድኀኒቱ አልዘገየም። በ1920ዎቹ መጨረሻ በጀርመንና በአሜሪካ ጨው የማይተው እሳት ጫሪ ለገበያ ወጣ። የጦር ሠራዊቶች ግን አሮጌውን ለመተው አልቸኰሉም፤ በመጋዘን ብዙ ዓመት ሳይበላሽ መቀመጡን አረጋግጠዋልና። አሜሪካኖች በ1941 ኤም 1 ካርቢን የሚባለውን ቀላል ጠመንጃ ሲያወጡ ብቻ ገና ከመጀመሪያው አዲሱን እሳት ጫሪ አደረጉለት፤ ምክንያቱም በውስጡ ጋዝ የሚገፋትን ትንሽ ክፍል ወታደሩ በቀላሉ ፈትቶ ሊያጸዳት ስለማይችል ነው። ዋናው ጠመንጃቸው ኤም 1 ጋራንድ ግን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን በአሮጌው ይተኵስ ነበር። የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች በ1951 ወደ ኮሪያ ዘምተው ከአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር በተሰለፉ ጊዜ የያዙት ይህን ጋራንድ ነበር፤ በዚያን ጊዜ ከነበረውም ጥይት ብዙው ገና ጨው የሚተው ነበር። በዚያ የዝናብና የበረዶ አገር አፈሙዝን ሳያጥቡ ማሳደር ምን እንደሚያስከትል አንባቢው አሁን ራሱ መናገር ይችላል።

ከዚህ በኋላ ነገሩ ያለቀ ይመስላል። ጭስ የለም፥ ጥቀርሻ የለም፥ ጨውም የለም። ነገር ግን «ማጽዳት አያስፈልግም» የሚለው ቃል እንደ ገና መጣ፤ በዚህ ጊዜ ዋጋው የሰው ሕይወት ሆነ። በ1960ዎቹ አሜሪካኖች በቬትናም ጦርነት ኤም 16 የሚባለውን አዲስ ጠመንጃ ለወታደሮቻቸው አደሉ። ጠመንጃው ቀላልና ዘመናዊ ስለ ነበረ ራሱን በራሱ ያጸዳል የሚል ወሬ ተሰራጨ። ለብዙዎቹ ወታደሮች መወልወያ ዘንግም፥ ብሩሽም፥ ስለ ማጽዳት የሚያስተምር ጽሑፍም አልተሰጣቸውም። ከዚህም በላይ ጠመንጃው ሲፈተን ከነበረው ባሩድ ሌላ፥ ይበልጥ የሚያቆሽሽ ባሩድ በጥይቱ ውስጥ ገባ። የጥይቱ ጎሬም ከዝገት የሚከላከለው የክሮሚየም ሽፋን አልተደረገለትም ነበር። የቬትናም አየር እርጥብ ነው፤ ጎሬው ዘገ። የተተኰሰው ቀለህ በሻካራው ጎሬ ውስጥ ተጣብቆ አልወጣ ይል ጀመር። ቀለሁን ማውጣት የሚቻለው ዘንግ ከአፉ ከትቶ በመግፋት ነበር፤ ዘንግ ያለው ግን ጥቂት ነው። ከውጊያ በኋላ ጠመንጃቸው ተፈትቶ በአጠገባቸው እንዳለ የሞቱ ወታደሮች ተገኙ። የወታደሮቹ ደብዳቤ ወደ ወላጆቻቸው ደረሰ፥ ወላጆቹም ጮኹ፤ በ1967 የአሜሪካ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት ኮሚቴ ጉዳዩን መርምሮ የሠራዊቱን ሹማምንት በብርቱ ነቀፈ።

ከዚያ በኋላ ጎሬው፥ ቆይቶም አፈሙዙ በሙሉ በክሮሚየም ተሸፈነ፤ የመወልወያ ዕቃም በገፍ ታደለ። በ1968 ደግሞ ሠራዊቱ የታወቀውን የሥዕል ታሪክ ሠሪ ዊል አይዝነርን አሠርቶ፥ ጠመንጃው እንዴት እንደሚጸዳ በሥዕል የሚያስረዳ ትንሽ መጽሐፍ ለወታደሮቹ በተነ። ደረቅ መመሪያ የማያነብ የ19 ዓመት ወጣት ሥዕል ያለበትን ያነባል ብለው ነው፤ ግምታቸውም የሚያስመሰግን ነበር።

አፈሙዝን በክሮሚየም መሸፈን ግን የአሜሪካኖች ፈጠራ አይደለም። ጃፓኖች በ1939 ባወጡት ዐይነት 99 በሚባለው ጠመንጃቸው ላይ አድርገውት ነበር። ሶቪየቶችም በካላሽኒኮቭ አፈሙዝ ላይ አደረጉት፤ እነርሱ ጨው የሚተወውን እሳት ጫሪ ለብዙ ዘመን ሳይተዉ ስለ ቆዩ ሽፋኑ እጅግ ያስፈልጋቸው ነበር። የሩስያ ወታደር ከቀድሞውም ሁለት አፍ ያለው ትንሽ ቆርቆሮ ይይዝ ነበር፤ በአንዱ ክፍል ጨውና ጥቀርሻ የሚያጥብ ውሃማ ነገር፥ በሌላው ዘይት ይቀመጥበታል። ሩስያውያኑ እንግዲህ ውሃ ለጨው፥ ዘይት ለብረት መሆኑን በአንድ ቆርቆሮ ላይ አሳይተዋል። በአገራችን «ክላሽ» የምንለው ጠመንጃ ሳይጸዳ ይኖራል የሚባለው ወሬ ከዚህ ሽፋን የመጣ ነው። ሽፋኑ ግን የሚጠብቀው አፈሙዙን ነው፤ ጋዙ የሚደርስባቸው ሌሎቹ ብረቶች እንደ ማንኛውም ብረት ይዝጋሉ።

ማጽዳትም ቢሆን ከመጠን ሲያልፍ ይጐዳል። ዘንጉ ወይም ገመዱ ሁልጊዜ በአንድ ወገን እየታከከ ከወጣ የአፈሙዙን አፍ ይበላዋል፤ ጥይቱም የመጨረሻውን ግፊት የሚያገኘው በአፉ ላይ ስለ ሆነ ወደ ጎን ያዘነብላል። ስለዚህ የሚቻል ሲሆን ዘንጉ ከኋላ በጎሬው በኩል ይገባል። ጋራንድን በመሰሉ ከኋላ በኩል ዘንግ በማያስገቡ ጠመንጃዎች ግን ከአፉ ከማስገባት በቀር መንገድ የለም፤ ስለዚህም ብዙዎቹ አሮጌ ጋራንዶች ከመተኰስ ይልቅ በመወልወል አፋቸው ሰፍቶ ተገኝቶአል።

በቤተ መዘክር ወይም በዘመድ ቤት ግድግዳ ላይ አሮጌ ውጅግራ ያየ ሰው፥ ጠመንጃው ጥይት የሌለበት መሆኑን የሚያውቅ ትልቅ ሰው ካረጋገጠለት በኋላ፥ ከኋላው ተከፍቶ ወደ መስኮት ብርሃን ቢያቀናለት ብዙ ነገር ሊያነብበት ይችላል። ቦዮቹ ሹል ሆነው የሚያበሩ ከሆነ ባለቤቱ ከተኰሰ በኋላ ሳያድር በውሃ የሚያጥብ ሰው ነበር። ውስጡ ጠቁሮ እንደ ፈንጣጣ የተበሳሳ ከሆነ አንድ ቀን፥ ምናልባት ከትልቅ ውጊያ በኋላ ሲደክመው፥ ሳያጥበው አድሮአል ወይም ዘይት ብቻ ቀብቶ አስቀምጦታል። የአፉ ክብ በአንድ ወገን ተበልቶ ሞላላ የሆነ እንደ ሆነ ደግሞ ያ ሰው ጠመንጃውን እጅግ የሚወድ፥ ሳይተኵስም በየቀኑ የሚወለውል ሰው ነበር።